ሒሳብ የሚጠፋብን ስንተኛ ክፍል ላይ ነው?



ዘንድሮ የመጀመሪያው ሴሚስተር እንደተጀመረ፣ ከጀመዓችን የአካዳሚክ ዘርፍ የተውጣጣን ጥቂት የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ከግቢ ወጣ ብሎ ባለው መስጂድ ለሰፈሩ ልጆች የሒሳብ ቱቶሪያል ጀመርን። ቅዳሜና እሑድ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እስከ መግሪብ። ልጆቹ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ዕቅዳችን ያማረ ነበር። በአራት ሳምንት ኳድራቲክ ኢኩዌሽን እንጨርሳለን፣ ከዚያ ትሪጎኖሜትሪ እንገባለን ብለን ፕሮግራም ሁሉ አውጥተን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን "እስቲ የት እንዳሉ እንወቅ" ብለን አምስት ቀላል ጥያቄዎች በወረቀት ሰጠናቸው። አንዱ 1/2 ሲደመር 1/3 ስንት ነው የሚል ነበር። ከግማሽ የሚበልጡት 2/5 ብለው መለሱ። ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምረው ማለት ነው። 2/5 ደግሞ ከግማሽ ያንሳል። ግማሽ እንጀራ ላይ ሌላ ሲሶ ተጨምሮለት ከግማሽ ያነሰ ደረሰው ማለት ነው፤ ይህ ግን ማንንም አላስገረመም።

ሌላው ጥያቄ 502 ሲቀነስ 178 ነው። ደብተሩን እንደ መጽሐፍ አሳምሮ የሚጽፍ አንድ ልጅ 476 ብሎ ሰጠን። 476 ከየት መጣ? አጠገቡ ቁጭ ብለን "እንዴት እንደሠራህ አሳየን" አልነው። ከ2 ላይ 8 አይነሳም፣ ስለዚህ ከ8 ላይ 2 አነሳና 6 ጻፈ። ከ0 ላይ 7 አይነሳም፣ ከ7 ላይ 0 አነሳና 7 ጻፈ። ከ5 ላይ 1 ሲነሳ 4። ልጁ በዘፈቀደ አልሠራም። "ምንጊዜም ከትልቁ ትንሹን ቀንስ" የሚል ሕግ አለው። ይህን ሕግ ማንም አላስተማረውም። ከገባውና ካልገባው ነገር ቀጣጥሎ፣ ምናልባት 3ኛ ክፍል እያለ፣ ለራሱ ያበጀው ነው። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ አላየለትም። ያየው ውጤቱን ብቻ ነው፤ "ኤክስ" ምልክት እየተደረገበት ተመልሶለታል።

ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ፕሮግራም በዚያው ዕለት አነሳነው። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ከዚያ ወዲህ ያነበብነውንና የሞከርነውን ለእናንተ ለማካፈል ነው። ከመካከላችሁ ነገ መምህር የምትሆኑ፣ ወላጅ የምትሆኑ፣ ትምህርት ቢሮ የምትቀጠሩ አላችሁና።

ቁጥሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ነበሩ። ከመካከላችን በሪሚዲያል በኩል የመጣን ጥቂት አይደለንም፤ ይህን የምናፍርበት ምክንያት የለም። ፈተናው ኩረጃ በማይቻልበት መንገድ መሰጠቱንም እንደግፋለን። የዓመታት ውሸት ነበር የተጋለጠው። ነገር ግን ቁጥሩ በወጣ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ ስለ 12ኛ ክፍል ነው፤ የፈተናው ክብደት፣ የፈታኞቹ ጥብቅነት፣ የማለፊያው ነጥብ። 476 ብሎ የጻፈው ልጅ ግን ፈተናውን የወደቀው 12ኛ ክፍል ሲደርስ አይደለም። ገና ድሮ ወድቋል፤ ውጤቱ የሚነገረው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው እንጂ።

ሒሳብ ከሌሎች ትምህርቶች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የታሪክ ትምህርት ላይ አንድ ምዕራፍ ያመለጠው ልጅ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ሊረዳ ይችላል። በሒሳብ ግን ማባዛት ያልያዘ ልጅ ማካፈል አይችልም፤ ማካፈል የማይችል ክፍልፋይ አይገባውም፤ ክፍልፋይ ያልገባው አልጀብራ ውስጥ ገብቶ የሚሠራው ሁሉ ድግምት ይሆንበታል። ይህ ስለ ሕፃናት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከመካከላችን አንዱ ላፕላስ ትራንስፎርም ሲማር ፓርሻል ፍራክሽን ላይ ተጣብቆ ሁለት ሳምንት ሙሉ "ላፕላስ ከበደኝ" ሲል ነበር። ላፕላስ አልነበረም የከበደው። ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነበር፤ የ5ኛ ክፍል ትምህርት።

የትምህርት ሥርዓታችን ይህን ክፍተት የሚያይበት ዓይን የለውም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ልጆች በተከታታይ ምዘና እየታዩ ሳይወድቁ እንዲያልፉ ፈቅዶ ነበር። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ ክፍል እንዲደግም ማድረግ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ገበታ ማስወጣት ነው። ነገር ግን ፖሊሲው ያሰበው ልጁ እየተመዘነ፣ የጎደለው እየተሞላለት እንዲያልፍ ነበር። እኛ የተማርንበት ክፍል 60 እና 70 ልጅ ነበረበት። በዚያ ላይ መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ "ፖርሽን ጨርሰሃል ወይ?" ልጆቹ ጨርሰዋል ወይ ብሎ የሚጠይቀው የለም። እናም ምዘናው ቀረ፣ ማለፉ ብቻ ቀረልን።

እዚህ ላይ አብዛኞቻችን የምናውቀው ሌላ ትምህርት ቤት አለ። ጠዋት መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት መድረሳ እየሄድን ያደግን ሰዎች ሁለቱን ማወዳደር እንችላለን። መድረሳ ውስጥ አንድ ክፍል ውስጥ 40 ልጅ ቢኖር 40 የተለያየ ቦታ ላይ ነው ያለው። አንዱ ቃዒዳ ላይ ሐርፍ ይለያል፣ ሌላው ጁዝእ ዐምማ ላይ ነው፣ ሌላው ሱረቱል በቀራን ጀምሯል። ኡስታዙ እያንዳንዱን በተራው ጠርቶ ያስቀራል፤ የትናንቱን ያልያዘ ልጅ አዲስ አይሰጠውም። "ሂድ፣ ነገ ይዘኸው ና" ይባላል። ዕድሜው 13 የሆነ ልጅ ከ7 ዓመት ልጅ ጋር አንድ ሱራ ላይ ቢገናኝ ማንም አይገረምም። ኡስታዙ ሁሉንም ስለማይደርስ ደግሞ የቀደሙት ኋላ ያሉትን ያስቀራሉ። አዲስ ትምህርት፣ የትናንቱ፣ የቆየው ደግሞ በሙራጀዓ፤ ይህ ቅደም ተከተል በየቀኑ አይቀርም።

መድረሳውን ልናሞካሽ አይደለም። ትርጉሙን ሳንረዳ የሸመደድነው ብዙ ነው፤ አለንጋውንም አልረሳነውም። በሒሳብ ትርጉም ሳይገባ መሸምደድ ከንቱ ነው፤ ስለዚህ መድረሳን እንዳለ ገልብጠን ሒሳብ ላይ እንለጥፍ አንልም። የምንለው አንድ ነገር ነው። ልጅ ካለበት ቦታ እንጂ መጽሐፉ ካለበት ቦታ አይጀመርም የሚለውን ነገር እኛ ከማንም በፊት አይተነዋል። ግን ከመድረሳ ወጥተን ትምህርት ቤት ስንገባ በሩ ላይ ትተነው እንገባ ነበር።

ይኸው ሐሳብ በሕንድ በትልቁ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2003 ሙምባይና ቫዶዳራ በሚባሉ ከተሞች ፕራታም የተባለ ድርጅት 3ኛና 4ኛ ክፍል ደርሰው የ1ኛ ክፍል ትምህርት ያልያዙ ልጆችን ከክፍል እያወጣ በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለብቻ ያስተምር ነበር። አስተማሪዎቹ ዲግሪ ያላቸው አልነበሩም። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የሰፈር ወጣት ሴቶች ነበሩ፤ በአጭር ሥልጠና የጀመሩ። ፕሮግራሙ በዕጣ ከተመደበላቸው ትምህርት ቤቶች ጋር ያልተመደበላቸውን አነጻጽረው ያጠኑት አቢጂት ባነርጂ፣ ኤስተር ዱፍሎና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የልጆቹ ውጤት በአማካይ በ0.28 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ትልቁን ለውጥ ያሳዩትም ከሁሉም ኋላ የነበሩት ልጆች ናቸው። እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ ከቆመ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲለካ የለውጡ ብዙው ክፍል ረግቦ ነበር። ሙራጀዓ የሌለው ሒፍዝ ምን እንደሚሆን እናንተው ታውቃላችሁ። ባነርጂና ዱፍሎ ከማይክል ክሬመር ጋር እ.ኤ.አ. በ2019 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ፣ ከተሸለሙባቸው ሥራዎች መካከል ይህን መሰሎቹ የትምህርት ጥናቶች ነበሩ።

ክሬመር ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር በምዕራብ ኬንያ ያደረገው ጥናት ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው። መጽሐፍ የሌላቸው ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ቢሰጣቸውስ? ሰጡ። ውጤቱ ግን የተሻሻለው ቀድሞውንም ጎበዝ የነበሩት ልጆች ብቻ ሆነ፤ ሌላው ባለበት ቀረ። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ለአብዛኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱም የተሰፋው በጎበዞቹ ልክ ነው።

የእኛስ? አንድ ልጅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በስልጥኛ "ላዕል" እና "ታህት" የሚሉትን ነገሮች በራሱ ቋንቋ ቃል ተምሮ ይመጣል፤ 9ኛ ክፍል ሲደርስ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ 7ኛ ክፍል፣ በአንድ ክረምት ውስጥ "ኑመሬተር" እና "ዲኖሚኔተር" ይሆኑበታል። የሚያውቀውን ሒሳብ የማያውቀው ይመስለዋል። ታላላቆቻችን በፕላዝማ የተማሩ ናቸው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በእንግሊዝኛ እየተንቆረቆረ ያልፍ ነበር፤ መብራት ቢጠፋም፣ ልጁ ባይገባውም፣ መምህሩ እጁን ቢያወጣም አይቆምም። ስለ ፕላዝማ ብዙ ተቀልዷል። እኛ ግን ፕላዝማው የሠራው ስህተት የቴሌቪዥን ስህተት ብቻ አይመስለንም። ፖርሽኑን ለመጨረስ የሚሮጥ መምህርም በሰው መልክ የቆመ ፕላዝማ ነው።

ወደ መስጂዳችን እንመለስ። ፕሮግራሙን ካነሳን በኋላ ልጆቹን በክፍላቸው ሳይሆን በአምስቱ ጥያቄዎች ውጤት ሦስት ቦታ ከፈልናቸው። መቀነስ ላይ ያሉ፣ ክፍልፋይ ላይ ያሉ፣ አልጀብራ መጀመር የሚችሉ። ከዚያ የመጣው ጥያቄ "ታዲያ እንዴት ነው የምናስተምረው?" የሚል ነበር። ያንኑ የ3ኛ ክፍል ትምህርት ድምፅ ከፍ አድርጎ መድገም አይሠራም። አንዴ ያልገባው በዚያው መንገድ ስለሆነ።

476 የጻፈው ልጅ አባቱ ሱቅ አለው፤ እሱም ከትምህርት መልስ ይሸጣል። "500 ብር የሰጠህ ሰው የ178 ብር ዕቃ ቢገዛ ስንት ትመልሳለህ?" አልነው። ዐይኑን ሳያሽ "322" አለ። እንዴት? "22 ሲጨመርበት 200፣ ከዚያ እስከ 500 ሦስት መቶ።" ወረቀት ላይ የማይችለውን በቃሉ ይሠራዋል! ይህ የእሱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ አንድ ጥናት በብራዚል ሬሲፌ ከተማ ገበያ ላይ የሚሸጡ አምስት ልጆችን ተከታትሎ ነበር። እየሸጡ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ፤ ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ ሲሰጣቸው ወደ 37 በመቶ ወረደ። አንዱ የኮኮናት ሻጭ የአሥር ኮኮናት ዋጋ ሲጠየቅ ዜሮ መጨመር የሚባለውን የትምህርት ቤት ዘዴ አልተጠቀመም። የሦስቱን ዋጋ ያውቀዋል፤ እሱን እየደራረበ እስከ አሥር ደረሰ። ልጁ ደነዝ አይደለም። ሁለቱን ሒሳቦች የሚያገናኝለት ሰው አላገኘም።

ስለዚህ ከገበያው ጀመርን። ለአምስት መቶ ሁለት ብር አምስት ባለ መቶ ወረቀቶችና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥን። "178 ስጠኝ" አልነው። አየው፤ "ዝርዝር የለም" አለ። በቃ! "ዘርዝረዋ" አልነው። አንዱን መቶ በአሥር ባለ አሥር ብር ዘረዘረ፤ ከአሥሮቹ አንዱን ደግሞ በአሥር የአንድ ብር ሳንቲም ዘረዘረ። አሁን ጠረጴዛው ላይ አራት መቶ፣ ዘጠኝ አሥር፣ አሥራ ሁለት አንድ አለ። 8 ሲነሳ 4፣ 7 ሲነሳ 2፣ 1 ሲነሳ 3። 324። ከዚያ ያንኑ በሥዕል፣ ቀጥሎ ያንኑ በቁጥር። እኛ ስንማር ይህ "ከጎረቤት መበደር" ይባል ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሕፃን ሆኖ "ብድሩን መቼ ነው የምንመልሰው?" ብሎ ጠይቆ ተስቆበታል። ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ብድር አይደለምና። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው፤ ተዘረዘረ እንጂ ለማንም አልተሰጠም። አንድ የተሳሳተ ቃል ስንት ልጅ እንዳሳተ አላህ ይወቀው። ይህ ከሚዳሰስ ነገር ወደ ሥዕል፣ ከሥዕል ወደ ምልክት የሚሄደው አካሄድ በሲንጋፖር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመጽሐፎቻቸው መሠረት ነው፤ አገሪቱ በዓለም አቀፍ የሒሳብ ምዘናዎች ከፊተኞቹ ተርታ የተሰለፈችውም በዚያ ትውልድ ነው።

ለክፍልፋይ ደግሞ ከራሳችን የሚቀርብ ምሳሌ አለ፤ ሚራስ። አንድ ሰው ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ሞተ እንበል፤ አባቱ ቀድሞ ሞቷል። ዕዳና ኑዛዜ ከተነሳ በኋላ ለሚስት 1/8፣ ለእናት 1/6፣ የተረፈው ለልጁ ነው። ስንት ደረሰው? ልጆቹ መጀመሪያ 1/8 እና 1/6ን ደምረው 2/14 አሉ። "እሺ፣ ንብረቱን 14 ቦታ ክፈሉትና ለሚስት ስምንተኛውን አውጡ" አልናቸው። አይወጣም። በ8ም በ6ም ያለ ትርፍ የሚከፈል ቁጥር ፈለጉ፤ ከብዙ ሙከራ በኋላ 24 ላይ ደረሱ። ለሚስት 3፣ ለእናት 4፣ ለልጁ 17። የጋራ ታህት ለምን እንደሚፈለግ ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልጠየቀንም። አንዷ ልጅ "ድርሻዎቹ ተደምረው ከአንድ ቢበልጡስ?" ብላ አፈጠጠችብን። ባልና ሁለት የአባትና የእናት እህቶች ብቻ ሲወርሱ እንዲያ ይሆናል፤ 1/2 ሲደመር 2/3፣ 7/6። ፉቀሃዎቹ ስድስት የነበረውን መደብ ሰባት አድርገው ለባል 3/7፣ ለእህቶች 4/7 ይሰጣሉ፤ "ዐውል" ይሉታል። ይህን ለማስረዳት ኡስታዛችንን መጥራት ነበረብን፤ እሳቸውም ደስ ብሏቸው ሙሉ ክፍለ ጊዜ ወሰዱብን።

አልኸዋሪዝሚ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የጻፈው፣ "አልጀብራ" የሚለው ስም የወጣበት መጽሐፍ፣ ሰፊ ክፍሉ ስለ ውርስና ኑዛዜ ስሌት ነው። ይህን በየዓመቱ የአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ላይ በፖስተር እንለጥፈዋለን፤ "አልጀብራ የእኛ ነው" እያልን። ፖስተሩን አንጠላም። ግን ከፖስተሩ ሥር የተቀመጠው ልጅ ስምንተኛና ስድስተኛን መደመር ካልቻለ ማን ላይ ነው የምንኮራው?

አሁን ወደ ፖሊሲው። በጎ ፈቃደኛ ስንት ልጅ ይደርሳል? እኛ የደረስነው አንድ ክፍል የማይሞላ ነው። ለሌላው የሚደርሰው መንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ እዚህም ከሕንድ የምንማረው ሁለተኛ ነገር አለ። ቢሃር በሚባለው ክፍለ ግዛት የመንግሥት መምህራን በእረፍት ወቅት ለአንድ ወር ያህል ልጆችን በደረጃቸው ከፍለው አስተማሩ፤ ልጆቹ በንባብም በሒሳብም ተሻሻሉ። ትምህርት ሲከፈት ለመንግሥት መምህራን ያው ሥልጠናና ያው መጽሐፍ ተሰጣቸው። ምንም የሚታይ ለውጥ አልመጣም። መምህራኑ ዘዴውን ስላላወቁት አልነበረም። መደበኛው ጊዜ ሲመጣ ወደ ሥርዓተ ትምህርቱ፣ ወደ ፖርሽኑ ተመለሱ፤ የሚጠየቁት በእሱ ነዋ።

ለዚህ ነው "መምህራን ይሠልጥኑ" የሚለው መፍትሔ ብቻውን የማያሳምነን። የሠለጠነው መምህር ተመልሶ የሚገባው ወደዚያው ሰዓት፣ ወደዚያው ሱፐርቫይዘር ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ ፖሊሲ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት ዓመት መካከለኛ፣ አራት ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ብሎ እርከኑን ለውጧል፤ መጽሐፎቹም ተለውጠዋል። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል በየቀኑ አንድ ክፍለ ጊዜ ከፖርሽን ነፃ ሆኖ፣ ልጆች በክፍላቸው ሳይሆን ባሉበት ደረጃ ተከፍለው ንባብና ሒሳብ የሚማሩበት ቢሆን ከእርከኑ መለወጥ የበለጠ እንደሚሠራ እናምናለን። ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ "ስንተኛው ገጽ ደረሳችሁ?" ከማለት አሥር ልጆች ጠርቶ 502 ሲቀነስ 178 ያሠራ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም ማለት አይደለም፤ ግን ከአዲስ መጽሐፍ ኅትመት አይበልጥም።

ሌላው የምደባ ጉዳይ ነው። በምናውቃቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጎበዙ የሒሳብ መምህር የሚመደበው 8ኛና 12ኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሚኒስትሪና ማትሪክ ስላለ። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ደግሞ አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምራል፤ ሒሳብ ሸሽቶ መምህር የሆነ ሰው ለልጆች የመጀመሪያ የሒሳብ መምህር ሊሆን ይችላል። መድረሳ ውስጥ ቃዒዳ የሚያስቀራው ሰው መኽረጁ ከተበላሸ የልጁ ቂርአት ዕድሜውን ሙሉ እንደሚበላሽ ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ለጀማሪ ጠንካራ ሰው ይፈለጋል። ሒሳብ ላይ ይህን ገልብጠን ነው የምንሠራው።

ራሳችን ያበላሸነውንም እንናገር። ልጆቹን በሦስት ስንከፍል ስማቸውን ጮክ ብለን እየጠራን ነበር ያደረግነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ መቀነስ ላይ ካሉት ጋር ተመደበች። አጠገቧ የተቀመጠው የ9ኛ ክፍል ታናሽ ወንድሟ ክፍልፋይ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ ብቻውን መጣ። መድረሳ ውስጥ 13 ዓመት ከ7 ዓመት ጋር ሲቀመጥ ማንም አይገረምም ብለናል፤ እዚያ ግን ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ የለመደው ነው። እሷ አሥር ዓመት ሙሉ "አልፈሻል" ስትባል ኖራ እኛ በአንድ ከሰዓት "አላለፍሽም" አልናት፤ በሰው ፊት። እናቲቱ መስጂድ ድረስ መጥተው፣ "ልጄ ማትሪክ ልትወስድ ሁለት ዓመት ነው የቀራት፤ እናንተ የሕፃን ትምህርት ትሰጧታላችሁ?" አሉን። መልስ ነበረን፤ ግን ለእሳቸው የሚሆን መልስ አልነበረንም።

ከዚያ ወዲህ ምደባውን በግል እናደርጋለን። ወረቀቱን የሚያየው ልጁና አንዱ አስተማሪ ብቻ ነው። ወደ ላይኛው ቡድን መሻገርም ሴሚስተር አይጠብቅም፤ በየሁለት ሳምንቱ ነው። 476 የጻፈው ልጅ አሁን ክፍልፋይ ላይ ነው። አልጀብራ አልደረሰም፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን ያልፋል ብለን ቃል አንገባም።

በጀመዓው ውስጥም ክርክሩ አላበቃም። ያለንን ጥቂት ሰው ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች እናውለው፣ ውጤቱ ቶሎ ይታያል የሚሉ ወንድሞችና እህቶች አሉ። ሐሳባቸውን እናከብራለን፤ ተፈታኞቹም የእኛው ልጆች ናቸው። እኛ ግን በሁለተኛው ሴሚስተር ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉትን ልጆችም ልንቀበል ወስነናል፤ ቢያንስ እነሱ ስድስት ዓመት ሳይቆዩ እንዲታዩ። ለዚህ አሥር ሰው ይጎድለናል፤ በተለይ እህቶች። ከየትኛውም ዲፓርትመንት መሆን ይችላል፤ ሒሳብ የከበዳችሁ ብትሆኑ እንዲያውም ይመረጣል፣ የት ላይ እንደሚከብድ ታውቁታላችሁና። አምስቱ ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የአካዳሚክ ዘርፍ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩት፤ ከዚያ ለምን እንደዚያ እንደሠራችሁ ለአንድ የአሥር ዓመት ልጅ እንዴት እንደምታስረዱ አስቡበት።

እናቲቱ ጋ ደግሞ ሁለት እህቶች በሚቀጥለው እሑድ ቤታቸው ሄደው ሊያናግሯቸው ቀጠሮ ይዘዋል፤ ልጅቷንም ጭምር፣ ከፈቀደች።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።